ለትምህርቱ መውደቅ ተጠያቂውን ልንገራችሁ

ወገኖቼ፣ ዕድሜ ሰጥቶን ይኼንንም አየን። የ2014ቱን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በሬዲዮ ስሰማ ጆሮዬ የደከመ መስሎኝ ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ ግማሽ ነጥብ የደረሰው 3.3 በመቶ! ከሺህ በላይ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፍ! በእኛ ጊዜ መውደቅ የግል ጉዳይ ነበር፤ አሁን እሱንም በጅምላ አደረጉት። ድሮ ማትሪክ ማትሪክ ነበር። እኔ ራሴ ደጋግሜ የወደቅሁት ፈተናው ክብር ስለነበረው ነው።

ተጠያቂው ማነው እያልኩ ሌሊቱን ስገላበጥ አድራለሁ። አንዱ የ1986ቱ የትምህርት ፖሊሲ ነው። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ያለውን ሕፃን ቻለም አልቻለም ይለፍ አለ። ያለ ኩርኩም የተማረ ማን አለ? የኔታ «ሀ» ሲሉ አለንጋቸው «ሁ» ይል ነበር፤ እኛም ከፍቅር ብዛት ዛፍ ላይ ወጥተን እንደበቅ ነበር።

ከዚያ ያ ፕላዝማ የሚሉት ጉድ መጣ፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ። ደቡብ አፍሪካ የተቀረጸ ትምህርት በሳተላይት እየወረደ፣ እንግሊዝኛው እየተንጣጣ፣ ልጁ እርሳሱን ሳያነሣ ጽሑፉ ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ አስተማሪውም አብሮ ይጠፋል። ጥያቄ ቢጠይቁት አይሰማ! የኔታንስ ማን ይጠይቅ ነበር? ማንም! ግን መልሱ ከፊታቸው ይነበባል።

ከሁሉ የባሰው ግን የዘመኑ ወላጅ ነው። ልጁ ዝቅ ያለ ውጤት ሲያመጣ መምህሩ ላይ ይዘምታል። ምስኪን መምህር፣ ደመወዙ ከቤት ኪራይ አይተርፍ፣ በዚያ ላይ ስድብ! እኔ እንዲህ አላደርግም። የልጅ ልጄ ሰባተኛ ክፍል ሊደግም ሲል አልጮህኩም፤ የተከበሩ ሽማግሌዎች ይዤ፣ ጋቢዬን አደግድጌ፣ ርእሰ መምህሩ ቤት በእሑድ ቀን ሄድኩ። «እግርህ ላይ እንወድቃለን» ስንለው ደንግጦ አሳለፈው። ይኼ ወጋችን ነው፣ ጣልቃ መግባት አይባልም።

ኩረጃውስ! እኛ እንረዳዳ ነበር እንጂ አንኮርጅም። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ ወረቀቱን ዘወር ያደርግልኝ ነበር፤ ያኔ ሰው ለሰው ያስባል። የዛሬዎቹ በቴሌግራም ከማያውቁት ሰው ነው መልስ የሚቀበሉት፣ ነውረኞች! ትምህርት ሚኒስቴር ተፈታኙን ሁሉ ሰብስቦ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ሲፈትን «ጎሽ፣ እንዲህ ነው!» ብዬ አጨበጨብኩ። የእኛው ልጅ ሲወድቅ ግን ነገሩ ገባኝ፦ ልጅን ከእናቱ ጉያ ነጥለው፣ የማያውቀው አገር ወስደው ቢፈትኑት በምን አንጀቱ ይለፍ?

ይኼ ሳያንስ ሪሜዲያል አመጡ። ወድቆ ዩኒቨርሲቲ መግባት የት አገር ታይቷል? ይኼንኑ በዚያው በእኛው ልጅ መሸኛ ላይ እየተናገርኩ ሳለ ዶሮው ደረሰ፣ ልጁም ሻንጣውን ይዞ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ፤ ምን ላድርግ፣ መረቅሁት። ምርቃት አይከለከልም።

ነገ ጠዋት ደግሞ የታናሽየውን የሒሳብ መምህር ላነጋግር ነው። 38 ሰጥቶታል፣ ጨካኝ! የዱሮዎቹ ሽማግሌዎች አብረውኝ ናቸው። ለማለፍ ስንት እንደሚጎድለው ስንቆጥር ስንቆጥር ሦስታችንም ተለያየን፤ በመጨረሻ እህቱ በዚያ እርጉም ስልኳ አሰላችልን።