ሳቦ ነህ ጎና?

ነገሌ ቦረና ላይ ከብት ስከትብ አርጅቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። አምና የልጅ ልጄ «አባባ፣ ያቺን የቦረና ላም ጥናትዎን ዓለም ይያት» ብላ ተመራማሪዎች የሚገናኙበት አንድ የኢንተርኔት መድረክ ላይ አካውንት ከፈተችልኝ።

በሦስተኛው ቀን አሥራ አንድ ተከታይ! አልዋሽም፣ ሻይ ቤት ለተገኘው ሁሉ ሻይ ጋበዝኩ። ማታ መነጽሬን አድርጌ አንድ በአንድ ሳያቸው ግን ጉዱ ወጣ። አንዱ «ዶክተር» ቁማር አጫዋች ነው። ሌላው የተዘጋ የፍሳሽ ቱቦ እከፍታለሁ ይላል፤ እኛ እዚህ ቱቦው ውስጥ የሚገባ ውሃ አጥተናል። አንዷ ደግሞ የክብደት መቀነሻ ኪኒን ትሸጣለች። ለእኔ! ዕድሜዬን ሙሉ በድርቅ የከሳ ከብት ስቆጥር ለኖርኩት!

የልጅ ልጄ ሳቀችብኝ። «እርስዎን እኮ አይደለም የፈለጉት፣ በሩን ነው። በተከበረ ቦታ ሊንካቸውን ሲለጥፉ ጉግል አምኖ ወደ ላይ እንዲያወጣቸው ነው» አለችኝ። ኦርሲድ የሚባለውም አለ፤ በእኛ አቆጣጠር በጥቅምት 2005 ሥራ የጀመረ፣ ለተመራማሪ ባለ16 አሃዝ መለያ ቁጥር የሚሰጥ። በነጻ ነው፣ ማንም ይመዘገባል፤ እዚያም ማስታወቂያ ለጣፊ አላጣውም። ሲሪል ላቤ የተባለ ፈረንሳዊማ እ.ኤ.አ. በ2010 አይክ አንትካሬ የሚባል፣ እናት ያልወለደችው ሳይንቲስት ፈጠረ። ኮምፒውተር የቀባጠራቸውን መቶ ያህል ጽሑፎች እርስ በርስ አጣቀሰለትና በጉግል ስኮላር መለኪያ ከአይንስታይን በላይ ተቀመጠ።

እዚህ ቦረና፣ ዱብሉቅ ሄዳችሁ ቱላ በሚባለው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ፣ ኤላው ላይ፣ እንዲህ ሞክሩ እስቲ። ከብቱን ነድቶ የመጣ ሁሉ ዘሎ አይገባም። ተራ የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። የማን ልጅ ነህ? ከሁለቱ የቦረና ጎሳዎች ሳቦ ነህ ጎና? ከብትህ ስንት ነው? ተራህ መቼ ነው? ይህን ሳትመልስ ጠብታ አትቀምስም። ወይፈን የሚገዛ ሰው እንኳ መጀመሪያ ጥርሱን ያያል። የሊቃውንቱ ኤላ ግን አባ ሄሬጋ የለውም።

የለውም ብል ተሳሳትኩ፤ ለእኔ ጊዜ ተገኘ። ኪኒን ሻጯን ለመክሰስ ብገባ «ሰው መሆንዎን ያረጋግጡ» አለኝ። ከዘጠኝ ሥዕል የትራፊክ መብራት ያለበትን ምረጥ ነው። ላም ለይ ቢለኝ ከነጥጃዋ እለይለት ነበር! ሦስቴ ወደቅሁ። እሷ በማግስቱ ስሟን ቀይራ እንደገና ተከተለችኝ።

አሥራ አንዱንም በልጅቷ እጅ አስጠረግኳቸው። አሁን አንድ ተከታይ አለኝ፣ እሷው የልጅ ልጄ ናት። ስለ ቦረና ላም የምር የምታጠኑ ልጆች ካላችሁ ነገሌ ኑ፤ ጠዋት ጠዋት ሻይ ቤት አልጠፋም። በር ላይ የማን ልጅ እንደሆናችሁ እጠይቃለሁ።