ስለ ሎጂክ አናላይዘር አመራረጥና ስለ መራጩ ጠባይ

ሎጂክ አናላይዘር በዲጂታል ሰርኪዩት ብዙ መስመሮች ላይ የሚመላለሱትን አንድና ዜሮ በአንድ ጊዜ እየመዘገበ በስክሪን የሚያሳይ መሣሪያ ሲሆን፣ ኦሲሎስኮፕ የቮልቴጁን ቅርጽ ሲመረምር እርሱ የሚጠይቀው «አለ ወይስ የለም?» ብቻ ነው። አሮጌ ኮምፒውተር ለመጠገን የተነሣ ሰው ይህን መሣሪያ ሊገዛ ሲያስብ አስቀድሞ የሚያየው ፍጥነቱን ነው፤ በሴኮንድ 500 ሚሊዮን ናሙና ይወስዳል የሚል ማስታወቂያ ሲያነብም ልቡ ይሸፍታል። ሊጠግነው ያሰበው ኮሞዶር 64 ግን እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ ላይ የዋለ፣ ፕሮሰሰሩም በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን ገደማ ምት ብቻ የሚራመድ አዛውንት በመሆኑ፣ በሴኮንድ 24 ሚሊዮን ናሙና የሚወስደው ርካሹ መሣሪያ እንኳ በእያንዳንዱ ምት 24 ጊዜ ያህል ያየዋል።

የሚያንሰው ቻናሉ፣ ማለትም መሣሪያው የሚከታተላቸው መስመሮች ቁጥር ነው። ፕሮሰሰሩ የሚሞሪን ቦታ የሚጠራባቸው 16 የአድራሻና ይዘቱን የሚያነብባቸው 8 የዳታ መስመሮች አሉት፤ የምት መስጫው ክሎክና ማንበብን ከመጻፍ የሚለየው መስመር ሲታከሉባቸው 26 ይሞላሉ፤ ርካሹ መሣሪያ ግን ያሉት 8 ብቻ ናቸው። ኮምፒውተሩ ሲነሣ ፕሮሰሰሩ አድራሻ 65532ንና 65533ን ጠርቶ 226ንና 252ን ያነባል፤ 252ን በ256 አባዝቶ 226 ሲጨምርበትም ወደ 64738 ይዘላል፤ ይህንም ቁጥር የኮሞዶር ባለቤቶች «ሲስ» ከተባለው ትእዛዝ ጋር እየጻፉ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ ሲያስነሡበት ስለ ኖሩ በቃላቸው ያውቁታል። መስመሮቹን ሁሉ የያዘ ጠጋኝ በ226 ፈንታ 224 ቢያነብ ከዳታ መስመሮቹ ሁለተኛው ዜሮ ላይ ተጣብቆ መቅረቱን ወዲያው ይጠረጥራል፤ 8 ቻናል ብቻ ያለው ግን ዳታውን ቢይዝ ከየትኛው አድራሻ እንደ መጣ አያውቅም።

ገዢዎች አዘውትረው የሚዘነጉት ደግሞ መሣሪያው በኮምፒውተሩ በራሱ ክሎክ እየተመራ ናሙና መውሰድ መቻሉን ነው፤ ቪክ የተባለው የምስል ቺፕ የምቱን እኩሌታ ለራሱ ስለሚወስድ፣ በዘፈቀደ የተወሰደ ናሙና የሁለቱን ወሬ ቀላቅሎ ያቀርባል።

ይህን ሁሉ የተረዳ ሰው አንዳንድ ጊዜ ወደ ሌላው ጽንፍ ይሄድና ያገለገለ ሄውሌት-ፓካርድ 1650 ይገዛል። ይህ መሣሪያ 80 ቻናል ያለው ግሩም ሥራ ቢሆንም፣ ራሱም ከፍሎፒ ዲስክ ካልተነሣ የማይሠራ አሮጌ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ዲስኩ ወይም የዲስክ ማንበቢያው የተበላሸ ዕለት ጠረጴዛው ላይ ሁለት በሽተኞች ይተኛሉ፤ ቤተሰቡም ብርቱካን ይዞ ለጥየቃ መምጣት ብቻ ይቀረዋል።

ለኮሞዶር 64 ዓይነት ኮምፒውተር 32 ቻናል፣ የክሎክ መግቢያና 5 ቮልት የሚችል መሣሪያ ይበቃል። ከግዢው በፊት ግን ፓወር ሳፕላዩ ይለካ፤ የኮሞዶር 64 የመጀመሪያው ፓወር ሳፕላይ ሲያረጅ የ5 ቮልቱ መስመር ከልክ አልፎ የሚሞሪ ቺፖችን በማቃጠል የታወቀ ነው፤ ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው ቻናል አንድ ሲሆን፣ መሣሪያውም ቴስተር ይባላል።