ወይን ወይን የሚል ቡና፣ ሎሚ ሎሚ የሚል ወይን

ዘንድሮ መጠጣትም ትምህርት ሆኗል። ድሮ ሰው ሲጠማው ይጠጣል፣ ሲበቃው ይተዋል፣ አልበቃ ያለውን ደግሞ ሚስቱ ትመጣና ትወስደዋለች። አሁን ግን አስተማሪ መጥቶበታል።

የእህቴ ልጅ የሚኖረው ጀርመን ነው። ለበዓል እኔ ወዳለሁበት ሰርቦ ሲመጣ አንገተ ረጅም ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። ሪዝሊንግ የሚሉት ነጭ ወይን ነው፤ ከሞዝል ወንዝ ዳገት የተለቀመ። «ጋሼ፣ ይሄ የብርድ አገር ወይን ነው» አለኝ። ብርድማ እኛስ መች አጣን? ክረምቱን ጋቢ ደርቤ ነው የምከርመው፤ ለዚህ ብሎ የሸለመኝ ግን የለም።

ልከፍተው ብል ተከለከልኩ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ ተባለ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቷል፣ ፍሪጁ ቁም ሳጥን ሆኗል። ጠርሙሱ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበት ነፋስ ላይ ተቀመጠ። ከ8 እስከ 10 ዲግሪ መሆን አለበት አለ። እኛ ቤት ሙቀት የሚለካው ሰው ሲታመም ነው!

ሲቀዳ ደግሞ የብርጭቆው ሲሶ። ጠጅ እንዲህ ቢቀዳ እንግዳው አኩርፎ ይወጣ ነበር። እጅህ እንዳያሞቀው እግሩን ያዝ፣ አዙረው፣ አሽተው። «ምን ሸተተህ?» ወይን ነዋ! አይደለም አለ፤ ሎሚ፣ አረንጓዴ ፖምና ዝናብ የመታው ድንጋይ ነው። ሰርቦ ውስጥ ድንጋይ ሸተተኝ የሚል ሰው ቢገኝ ጸበል ነበር የሚወሰደው።

ማብራሪያውም ቀጠለ። በብርድ አገር ፍሬው ቀስ ብሎ ይበስላል፤ ስኳሩ ቶሎ አይበዛም፣ ኮምጣጣነቱም አይጠፋም። በዳገቱ ያለው ድንጋይ ቀን የፀሐይ ሙቀት ይዞ ማታ ለተክሉ ይለቅለታል። «የዝዋዩስ ወይን?» አልኩት። እዚያ ካስቴል የሚባለው የወይን ኩባንያ ሻርዶኔ የሚሉትን የወይን ዝርያ ተክሎ፣ በፈረንጆቹ 2014 ሪፍት ቫሊ የሚባለውን ወይኑን ገበያ አውጥቷል። «ስምጥ ሸለቆው ሞቃት ነው ጋሼ፣ ሌላ ጣዕም ነው» አለኝ። ይኼንንስ ለእኔ መንገር አያስፈልግም ነበር፤ ደጋ ላይ ቀስ ብሎ የቀላ ቡና ጣዕሙ ሌላ መሆኑን እዚህ አገር ሕፃን ያውቃል።

የከነከነኝ ሌላ ነው። የውጭ ገዢዎች የሊሙን የታጠበ ቡና በማንኪያ ፉት ብለው «ወይን ወይን ይላል» እያሉ ያደንቃሉ። ወይኑ ሲቀርብላቸው ሎሚ ይፈልጉበታል። ነገ ሎሚ ብንሰጣቸው ቡና ቡና ይላል ሊሉን ነው? ሰው ምን ቢበደል ነው አፉ ውስጥ ያለውን ትቶ የሌለውን የሚያጣጥመው?

ይባስ ብሎ ልጁ አንዴ ተጉመጥምጦ ባዶ ጣሳ ውስጥ እንትፍ አላት! ቀማሽ አይውጥም አለ። እኔ የራሴን ዋጥኩ። ቀዝቃዛ ነው፣ ጎምዘዝ ይልና ምራቅ ይጠራል፤ ኋላ ላይ የምትመጣው ትንሽ ጣፋጭነት የበዓሉን የዶሮ ወጥ በርበሬ አበረደችልኝ። መጠጡ ምንም አይወጣለትም፤ ክፉው ሥርዓቱ ነው።

እናንተ ልጆች፣ ቡና ስትቀምሱ ትፉ፤ ስኒው ብዙ ነው፣ ሥራም ነው። ባሕር አሻግራችሁ ያመጣችሁትን ወይን ግን ዋጡት። ስትመጡም ሁለት ጠርሙስ ያዙ፤ አንዱን እናንተ አሽትቱት፣ ሌላውን ለእኔ ተዉልኝ።