አንድ ዶላር፣ ሁለት ፓኮ

«ሎጂክ ያው አንድ ነው፤ ሊኒየር የምትሉት ደግሞ ከየት መጣ?»

ከፈረንሳይ! ዣን-ኢቭ ዢራር እ.ኤ.አ. በ1987 መቶ ገጽ ያህል በፈጀ ጽሑፍ ይዞት መጣ። ገርሃርድ ጌንትዘን በ1930ዎቹ የማረጋገጫ ሕጎችን ሲሰድር ሁለት ሕጎች ማንም ሳይጠራጠራቸው አብረው ገብተው ነበር። አንዷ «ግምትህን እንደፈለግህ አባዛ» ትላለች፤ ሌላዋ «ያልተጠቀምክበትን ዝም ብለህ ጣል»። ዢራር ሁለቱንም በሩ ላይ አቆማቸው።

«እና ሎጂኩን አኮላሸው በላ!»

እስቲ አንድ ዶላር አውጣ፤ ምሳሌው የራሱ የዢራር ነው። በአንድ ዶላር አንድ ፓኮ ካሜል ሲጋራ ይገዛል እንበል። በአንድ ዶላር አንድ ፓኮ ማርልቦሮም ይገዛል። የለመድነው ሎጂክ ከዚህ ተነስቶ «እንግዲያው በአንድ ዶላር ካሜልም ማርልቦሮም ይገዛል» ይላል፤ ዐይኑን ሳያሽ! ሊኒየር ሎጂክ ግን ሁለት ዓይነት «እና» አለው። ቴንሰር ማለት ሁለቱንም ባንዴ ያዝ ነው፤ ሁለት ዶላር ቁጠር። ዊዝ ማለት ሁለቱም ፊትህ ቀርበዋል፣ ምርጫው ያንተ ነው፣ የምትወስደው ግን አንዱን ነው፤ አንድ ዶላር ይበቃሃል። የተኮላሸውስ እነዚህን ሁለቱን መለየት ያቃተው አይደለም?

«እውነት እንደ ገንዘብ አያልቅም እኮ! ሁለትና ሁለት አራት መሆኑን ተጠቅሜ አልጨርሰውም።»

አትጨርሰውም፤ ለእሱ ቃለ አጋኖ አለልህ። ፊቱ ላይ ! የተደረገበት ግምት እንደ ድሮው ይባዛል፣ ይጣላል። ብቻ ምልክቱን ጽፈህ ማሳወቅ አለብህ። የድሮው ሎጂክ በሙሉ በዚህ በር ይገባል፤ አንዳች የጎደለብህ የለም።

«ምልክት መደርደርማ ማን ያቅተዋል? ትርጉሙ የታለ?»

ትርጉሙ ነው የቀደመው! ዢራር ኮኸረንስ ስፔስ የተባለውን ሞዴል ሲመረምር ተራው «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» ለሁለት ተከፍሎ አገኘው፤ መጀመሪያ ግምቱን በቃለ አጋኖ ማባዛት፣ ቀጥሎ ያንን አንዴ ብቻ መጠቀም። እዚያ ሞዴል ውስጥ ሊኒየር የሚባለው ፈንክሽን ለእያንዳንዷ የውጤት ቅንጣት አንዲት የግብዓት ቅንጣት ብቻ የሚጠይቅ ነው። አዲሱን ሎጂክ የወለደው ይህ ግኝት ነው። እኔን የማረከኝም ይኸው ነው፤ ሰው ሕግ አውጥቶ ትርጉም ሲለምን እንጂ ትርጉም ራሱ ሕጉን ሲያዝዝ አዘውትረን አናይም።

«ማረጋገጫው ግን ያው ከላይ ወደ ታች የሚጻፍ ነው።»

እንግዲያው የማይነካኩ ሁለት እርምጃዎችን ቦታ አለዋውጠህ «አዲስ ማረጋገጫ አገኘሁ» ልትለን ነው! ማረጋገጫውን በመስመሮች የሚሥለው የማረጋገጫ መረብ እንዲህ ያለውን ከንቱ ልዩነት ይጠርገዋል። ቴንሰርና የእሱ አጣማሪ የሆነው ፓር ብቻ ላሉበት መረብ ደግሞ ዳኖስና ሬኒዬ በ1989 ያወጡትን ፈተና በእርሳስ ትሠራዋለህ። እያንዳንዱ ፓር ከላይ የሚገቡበት ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱን ሰርዝ። በየትኛውም ምርጫ ብትሰርዝ የቀረው ሥዕል ሳይበጠስ፣ ቀለበትም ሳይሠራ ከተገኘ ማረጋገጫ ነው። በአንዱ ምርጫ እንኳ ከወደቀ አይደለም።

«ቀላል ስለሆነ ነዋ!»

ቀላል? ተራውን ፕሮፖዚሽናል ሎጂክ በእውነት ሰንጠረዥ ትጨርሰዋለህ። የሊኒየሩን ግን ሊንከን፣ ሚቸል፣ ሴድሮቭና ሻንካር በ1992 ባሳተሙት ሥራ ቁርጡን ነገሩን፤ ቃለ አጋኖው ከሌሎቹ ምልክቶች ሁሉ ጋር እስካለ ድረስ የቀረበለት ቀመር ሁሉ ይረጋገጥ አይረጋገጥ እንደሆነ ለይቶ የሚመልስ ፕሮግራም ሊሠራ አይችልም። ዶላር የሚቆጥረው ሎጂክ፣ ቁጥር እየጨመረና እየቀነሰ የሚያሰላውን የቆጣሪ ማሽን እርምጃም ይቆጥራላ!

ሎጂክ የምታስተምሩ ሆይ፣ እነዚያን ሁለት ሕጎች ሰሌዳው ላይ ለየብቻ ጻፉልን። ተማሪው ያባዛም፣ ይጣልም፤ ግን እያወቀ።