ስለ አዲስ ንቅሳት አያያዝ ከቆዳ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

ከእኛ ከቆዳ፣ ሥጋን ሸፋኝ፣ አጥንትን አክባሪ፣ በውርጭና በፀሐይ ፊት ቀድሞ ተሰላፊ። ከመርሐ ቤቴ ቆላ እስከ ጓሳ ጫፍ፣ በመንዝና በግሼ ለምትኖር፣ አዲስ አበባ ወርደህ ክንድህን ተነቅሰህ ለተመለስክ ሁሉ ይድረስ። እንደምን ሰንብተሃል? እኛ መርፌ እስካረፈብን ቀን ድረስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነበርን።

አያትህ በእሾህና በጥላሸት አንገቷን ስትነቀስ ማደንዘዣ ያልጠየቀች በመሆኑ፤

አንተ ያንኑ አንገት «ኋላ ቀር» ስትል ከርመህ፣ ለዚያው ሥራ ብር ከፍለህ «ታቱ ነው» እያልክ የመጣህ በመሆኑ፤

እሾሁ በኤሌክትሪክ መርፌ ቢተካም ቁስል ያው ቁስል በመሆኑ፤

ነቃሹ ድርሻውን በሰዓታት ሲጨርስ የሳምንታቱ ሥራ በአንተ እጅ የወደቀ በመሆኑ፤ የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ «እጅህን ሰብስብ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ
«ንቅሳት» ማለት ቀለም የገባበት ቁስል ነው። «ሐኪም» ማለት ጤና ጣቢያ ያለው ሲሆን በጠላ ቤት፣ በለቅሶ ድንኳንና በገበያ መንገድ የሚገኘውን አይጨምርም።

አንቀጽ 3፦ ስለ መታጠብ
በቀን 2 ጊዜ፣ አስቀድመህ እጅህን ታጥበህ፣ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃና ሽታ በሌለው ሳሙና ታጥበናለህ። በንጹሕ ጨርቅ ጫን እያደረግህ ታደርቀናለህ፤ መፈግፈግ የድስት ነው። እስክንድን ድረስ ወንዝ ገብቶ መዋኘት ክልክል ነው።

አንቀጽ 4፦ ስለ ቅባት
ሽታ የሌለው ቅባት በስሱ ይቀባል። ሌሎች ሹመኞች ወደየግዛታቸው ይመለሱ፦ ቅቤ ወደ ራስ፣ ቡና ወደ ረከቦት፣ አረቄ ወደ መለኪያ፣ የጥርስ ሳሙናም ወደ ጥርስ።

አንቀጽ 5፦ ስለ ልብስ
ባና፣ ዝተትና በርኖስ ከመንዝ በግ የተገኙ የተከበሩ ዘመዶቻችን ናቸው። ሆኖም ይኮሰኩሳሉ፤ ጸጉራቸውም እዥ ላይ ይጣበቃል። ስለዚህ ሰፋ ያለ ንጹሕ የጥጥ ልብስ በመካከል ገብቶ ያስታርቀን።

አንቀጽ 6፦ ስለ ፀሐይ
«ብርድ ነው፣ ፀሐይ ምን ያደርገኛል?» የሚል መከራከሪያ ተቀባይነት የለውም። ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ የመንዟ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3000 ሜትር በላይ ናት። አጨዳ የወጣ ክንዱን በእጅጌ ይሸፍን። የፀሐይ መከላከያ ክሬም ቁስሉ ከገጠመ በኋላ ይሾማል።

አንቀጽ 7፦ ስለ ማሳከክ
ጥቂት ቀናት ሲያልፉ እናሳክካለን፤ እንላላጣለንም። ማከክ፣ መላጥና «ትንሽ ብቻ» ማለት ክልክል ነው። ያለጊዜው የተነሳ ቅርፊት ቀለሙን ይዞ ሊሄድ ይችላል፤ አንበሳ ተነቅሰህ ድመት ይዘህ እንዳትቀር። «እስቲ ልየው» የሚል ጎረቤት በዓይኑ ይይ።

አንቀጽ 8፦ ስለ አደጋ
መቅላቱ እየሰፋ፣ መግል እየቋጠረ ወይም ትኩሳት እየተነሳ ከሄደ የዚያኑ ዕለት ጤና ጣቢያ ትሄዳለህ። በሌላ ሰው መርፌ የተነቀሰ ደግሞ መግል እስኪያይ አይጠብቅ፤ ኤችአይቪና ሄፓታይተስ በቆዳ ላይ ምልክት ሳያሳዩ ስለሚገቡ ይመርመር።

አንቀጽ 9፦ ስለ አያቶች
እናቶቻችን ድዳቸውንና አንገታቸውን ለውበት ተነቅሰዋል፤ እንቅርት ያድናል ብለው የተነቀሱም አሉ። ለእንቅርት የሚበጀው አዮዲን ያለው ጨው ነው፤ ለውበቱ ግን እኛው ምስክር ነን። «ታቱ» ይዞ የአያቱን ንቅሳት የሚያንቋሽሽ ወጣት፣ አያቱ በፊቱ ያለ ገደብ እንዲስቁበት ተፈርዶበታል።

አንቀጽ 10፦ የተሻሩ ሕጎች
«አመድ ነስንስበት»፣ «ጨው እሸው» እና «አጎቴ እንዲሁ አድርጎ ድኗል» የሚሉ ልማዶች ሁሉ ተሽረዋል።

አንቀጽ 11፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ
ላይኛው ገጻችን ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይገጥማል፤ ውስጣችን ግን ወራት ይፈልጋል። ስለዚህ «ድኛለሁ» ብለህ እጅጌህን ከሰበሰብክ በኋላም አዋጁ የጸና ነው።

በግራ ክንድ ላይ ተጻፈ።
ቆዳ