ውዳሴ ዳምፕ

በዘመናችን ከበቀሉት ትምህርቶች መካከል መምህር የማያስፈልገው፣ መጽሐፍ የማያስገልጥ፣ ሌሊት የማያስነቃ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጥያቄው ሳይጠየቅ መልሱ ቀድሞ ቤት ድረስ የሚመጣለት አንድ ትምህርት ቢኖር የኔትወርክ ሰርተፍኬት ጥናት ነውና፣ ይህን ያህል ድካም የሚያቃልል ጥበብ ሳያመሰግኑ ማለፍ ለብዕር ሰው ንፉግነት ይሆንበታል። ጥበቡም ዳምፕ ይባላል። ከፈተና አዳራሽ የወጡ ሰዎች ያዩትን ጥያቄ ከነመልሱ እየለቀሙ ያጠራቀሙት፣ በቴሌግራም ከስልክ ወደ ስልክ የሚሸጋገር ጥራዝ ነው፤ ተፈታኝ ሁሉ ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት የጥያቄዎቹን ምስጢር ለማንም እንዳያወጣ ውል ስለሚገባ፣ ጥራዙ ከመጀመሪያ ገጹ እስከ መጨረሻው ቃላቸውን ባፈረሱ ሰዎች ልግስና የተጻፈ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሲሲኤንኤ የሚባለውን የጀማሪዎች ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1998 ሲያቋቁም የነበረው አሳብ የዋህ ነበር። ማዕረጉን የሚሻ ሰው አስቀድሞ ሰባቱን የኦኤስአይ እርከኖች ለይቶ፣ የአይፒ አድራሻን መከፋፈልና ማስላት ተምሮ፣ ራውተርና ስዊች በእጁ ነካክቶ፣ አበላሽቶም አስተካክሎም፣ ከዚያ ወዲያ ወደ ፈተናው ይቀርባል ተብሎ ታስቦ ነበር። መሣሪያውን መግዛት ያልቻለ ተማሪ እንኳ እንዳይጎዳ ብሎ፣ ኔትወርክን በኮምፒዩተር ላይ ዘርግቶ ለመለማመድ የሚያስችለውን ፓኬት ትሬሰር የተባለ ፕሮግራም ኩባንያው ያለ ዋጋ ይሰጣል። እኛ ግን ነገሩን ከሥሩ መርምረን፣ የፈለግነው ራውተሩን ሳይሆን ወረቀቱን መሆኑን ስለ ተረዳን፣ በመካከል ያለውን መንገድ ሁሉ ቆርጠን ጣልነው። የፈተናው ዋጋ 300 የአሜሪካ ዶላር ነው፤ ዶላር ማግኘት ራሱ ከፈተናው የበለጠ ፈተና በሆነበት በአዲስ አበባ ከተማ፣ ይህን ያህል ገንዘብ ከፍሎ፣ ዕውቀትን በመሰለ ዋስትና በሌለው ነገር ተማምኖ ወደ አዳራሽ መግባት ቤተ ሰብን መበደል ነው የሚሉ ወጣቶች አሉ፤ እኔም አሳባቸውን ላፈርሰው አልቻልሁም።

ይህ ጥናት እንደ ማናቸውም ሥርዓት የራሱ ሰላምታና የራሱ ቀኖና አለው። ሁለት ተፈታኞች ሲገናኙ ስለ ቪላን ወይም ስለ ራውቲንግ አይጨዋወቱም፤ «ዳምፑ ቫሊድ ነው?» ይባባላሉ፤ ቫሊድ ከሆነ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ካልሆነ ጥናት የለም። እ.ኤ.አ. በ2020 መጀመሪያ ላይ ኩባንያው አሮጌውን ፈተና ሽሮ 200-301 የተባለውን ሲያወጣ፣ ሞኙ ተማሪ የተጨመረውን ምዕራፍ ለማንበብ መጽሐፍ ሲገልጥ፣ እውነተኛው ምእመን ግን አዲሱ ዳምፕ እስኪደርስ በትዕግሥት ተቀምጦ ጠበቀ። ቀኖናውም ጥብቅ ነው። በጥራዙ ውስጥ የተሳሳተ መልስ ማግኘት ብርቅ አይደለም፤ ነገር ግን አንድ ተጠራጣሪ ብድግ ብሎ፣ «የኦኤስፒኤፍ አስተዳደራዊ ርቀት 110 ነው፤ 120 የተባለው የሪፕ ነው፤ ይህ መልስ ስሕተት ነው» ቢል እንደ መናፍቅ ይታያል። «ወንድሜ፣ ዳምፑ 120 ካለ 120 ነው፤ ስንቱ ሰው በእሱ አልፏል!» ብለው አፉን ያስይዙታል፤ ስሕተቱም ከነክብሩ ተሸምድዶ ወደሚቀጥለው ትውልድ ይተላለፋል።

የዚህን ጥናት ፍሬ በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው አንድ ቀላል ምርመራ ያድርግ። 192.168.10.77 የተባለው አድራሻ ከኋላው /26 ተጽፎበት ቢገኝ ኔትወርኩ የትኛው ነው ብሎ ባለ ሰርተፍኬቱን ይጠይቅ፤ ሰውየው ዐይኑን ሳያሽ «192.168.10.64» ይላል፤ መልሱም ልክ ነው፤ ጠያቂውም ይደነቃል። ቀጥሎ 77ን ወደ 78 ይለውጥና ያንኑ ይጠይቅ። ከ65 እስከ 126 ያሉት 62 አድራሻዎች ሁሉ በዚያው በአንዱ ኔትወርክ ውስጥ ስለሆኑ መልሱ አንዲት ነጥብ እንኳ አይለወጥም፤ ባለ ሰርተፍኬቱ ግን ፊቱ ይለወጣል። «ይኸ ከየትኛው ዳምፕ ነው?» ይላል። ጥያቄውም ተገቢ ነው፤ ምክንያቱም 78 የተባለው ቁጥር በሕጋዊ መንገድ ወደ ትምህርቱ አልገባም።

ዳምፕን ከአባቶቻችን የቃል ትምህርት ጋር የሚያመሳስሉ ወዳጆች አጋጥመውኛል፤ «ድሮስ ዳዊቱን፣ ጾመ ድጓውን በቃላችን አልነበረም ወይ የያዝነው?» ይላሉ። እኔ ግን ይህ ንጽጽር የዳምፕን ክብር ዝቅ የሚያደርግ ሆኖ ስላገኘሁት እቃወመዋለሁ። ያ የድሮው ተማሪ 150ውን መዝሙር በቃሉ ከያዘ በኋላ እንኳ ዕረፍት አልነበረውም፤ ቅኔ ቤት ሲገባ፣ የትናንቱን ቅኔ ዛሬ ደግሞ ማቅረብ ነውር ስለሆነ፣ በየቀኑ አዲስ ቅኔ ሲቆጥር ውሎ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታም ቤቱ አልሞላም፣ ምስጢሩ አልተገናኘም እያሉ ያፈርሱበታል፤ የጓደኛውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ቢያቀርብ የሚተርፈው እፍረት ነው። መጽሐፍ ቤት ሲገባ ደግሞ ንባቡን ስላወቀ ብቻ አይለቁትም፤ ትርጓሜው ምንድን ነው፣ አንድም ምን ማለት ነው እያሉ ያስጨንቁታል። እንዲህ ያለውን ሥቃይ ከዳምፕ ጋር በአንድ ስም መጥራት ግፍ ነው። እዚያ ቃሉን መያዝ የድካም መጀመሪያ ነበር፤ እዚህ የድካም መጨረሻ ነው።

ከዚህም የከፋ ጭካኔ በፈረንጆቹ ዘንድ ተፈጽሟል። ሲሲአይኢ የተባለው የሊቃውንት ማዕረግ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲጀመር፣ የተግባር ፈተናው ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተፈታኙ ኔትወርኩን በላቡ ከዘረጋ በኋላ ፈታኙ እሱ በሌለበት ገብቶ ሆን ብሎ ያበላሽበትና፣ ተመልሶ ሲመጣ፣ የተበላሸውን ፈልገህ አስተካክል ይለው ነበር። ኋላ ፈተናው ወደ አንድ ቀን፣ ወደ ስምንት ሰዓት ተቀንሷል፤ ይሁን እንጂ በሰው ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ሸር መሥራትን ፈተና ብሎ የሰየመ ሰው ምን ዓይነት አስተዳደግ እንደ ነበረው አይገባኝም።

በዚህ አጋጣሚ ቀጣሪዎችንም ሳላመሰግን አላልፍም። የሥራ ማስታወቂያ ሲያወጡ «ሲሲኤንኤ ያለው ይመረጣል» ብለው ይጽፋሉ፤ በቃለ መጠይቁም ቀን ወረቀቱን አገላብጠው፣ ፎቶ ኮፒውን ከዋናው ጋር አመሳክረው፣ ሰውየውን ግን ሳያገላብጡ ይቀጥራሉ። የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁትም እንዲሁ ናቸው፤ ተጫራቹ ይህን ያህል ባለ ሰርተፍኬት አለኝ ብሎ ኮፒውን ካያያዘ ነጥቡ ይሞላለታል፤ ከባለ ሰርተፍኬቶቹ አንዱም ኬብል ጨብጦ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ሣጥን በሰነዱ ላይ የለም። ወረቀቱ ከ3 ዓመት በኋላ ጊዜው ያልፍበታል፤ ባለቤቱም ሌላ ዳምፕ ፍለጋ ይወጣል፤ በዚህም ትምህርት እስከ ዕድሜ ፍጻሜ ነው የተባለው ይፈጸማል።

እንግዲህ አንድ መሥሪያ ቤት እንበል። ጠረጴዛ ሲያዛውር የዋለ ሰው ወለል ላይ የተጣለ ኬብል ያገኝና፣ ለንጽሕና ብሎ፣ ሁለቱንም ጫፎች በግድግዳው ላይ ባሉት ሁለት ቀዳዳዎች ይሰካል። ራዲያ ፐርልማን የተባሉ አሜሪካዊት ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1985 እንዲህ ያለ ኬብል የሚያመጣውን አዙሪት ለመከላከል የፈለሰፉት ስፓኒንግ ትሪ የተባለ ሥርዓት ነበረ፤ ነገር ግን ባለፈው ዓመት አንድ ሌላ ባለ ሰርተፍኬት «ኔትወርኩን ያዘገያል» ብሎ አጥፍቶታል። መልእክቱ ማለቂያ በሌለው አዙሪት እየዞረ ይባዛል፤ የስዊቹ መብራቶች ሁሉ በአንድነት ይርገበገባሉ፤ ማተሚያው ዝም ይላል፤ ተገልጋዩ ይሰለፋል፤ ባለ ሰርተፍኬቱ ይጠራል። መጥቶም ከስዊቹ ፊት ቆሞ ከላይ እስከ ታች ያየዋል፤ ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ዲ የሚል ግን የትም አልተጻፈም።

«32768» ይላል በመጨረሻ፣ በቆራጥነት።

«ምንድን ነው እሱ?» ይላሉ አለቃው።

«የስዊቹ መነሻ ቅድሚያ ነው፣ ጌታዬ።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እሱን ፈተናው ላይ አይጠይቁም።»

በዚህ ሰው መፍረድ አይገባም። የተጠየቀውን ሁሉ መልሷል፤ ያጠፋው ኔትወርኩ ነው፤ ከሥርዓተ ትምህርቱ ውጭ ተበላሽቷልና። ስለዚህ ለሚመለከታቸው ሁሉ የማቀርበው አቤቱታ አጭር ነው። ስዊች የሚሠሩ ፋብሪካዎች ከእንግዲህ በየብልሽቱ አራት ምርጫ የሚያሳይ መስኮት ከፊት ለፊት ይግጠሙ፤ ትክክለኛው መልስም፣ ለማስታወስ እንዲመች፣ ዘወትር በአንድ ፊደል ይሁን። ኬብል የሚያዛውሩ ሠራተኞች ከመሰካታቸው በፊት የቅርብ ጊዜውን ጥራዝ ይመልከቱ። መንገድ ሠሪዎችም ኤክስካቫተራቸውን ከማንሣታቸው አስቀድሞ ገጹን ገልጠው፣ ጥያቄ የወጣበትን ፋይበር ብቻ ለይተው ይቁረጡ፤ ጥያቄ ያልወጣበት ፋይበር ግን እስከሚቀጥለው እትም ድረስ ሳይነካ ይቆይ።