ሟቹና ቁጥሩ

ሶፍትዌሩን ከነሥሩ ነቅለው እጅዎን አራገፉ? ይበሉ የሊኑክስዎን የተጠቃሚዎች መዝገብ ገለጥ ያድርጉ። ለሶፍትዌሩ የተፈጠረው ተጠቃሚ፣ ጌታው ከሄደ እንደቆየ አገልጋይ፣ ስሙንና ቁጥሩን እንደያዘ፣ ሼሉ «ኖሎጊን» ተብሎ፣ ተኮፍሶ ይጠብቅዎታል። መግባት አይችልም፤ መውጣትም አይፈልግም። የፌዶራ ሊኑክስ ደንብ ጭራሽ ፓኬጁ ሲነሳ ተጠቃሚው እንዳይሰረዝ ያዛል። እውነት ለመናገር ምክንያቱ የዋዛ አይደለም፦ ፋይል ባለቤቱን የሚያውቀው በስሙ ሳይሆን በቁጥሩ ነው። ለምሳሌ ቁጥር 998 ዛሬ ተሰርዞ ነገ ለአዲስ ገቢ ቢሰጥ፣ የሟቹ ፋይሎች ያለ ፍርድ ቤት፣ ያለ ወራሽነት ማስረጃ ለእንግዳው ይዞራሉ።

ደግሞስ የሟቹ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ አንድ ሰሞን ሠርቷል። ዴቢያን ሊኑክስ ላይ ቁጥር 7ን የያዘው «ኤልፒ» ግን ማተሚያ አይቶ በማያውቅ ሰርቨር ላይ የማተሚያ ሹም ነው። ቁጥር 5 ላይ «ጌምስ» የሚባል የጨዋታ ኃላፊም አለ፤ የሚጫወት ይምጣ እንጂ እሱስ ዝግጁ ነው።